የካርቱን ሰርግ መስራች

ኢስታንቡል፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ሱዓድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያምዎት የነበረው ጉልበትዎ ተሻለዎት? ቆቦስ ሰላም ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የመጨረሻ ዓመት ደርሻለሁ፤ አላህ ካለ በሰኔ እመረቃለሁ።

እዚያ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፣ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። የቆቦው ነጋዴ ሰላሁዲን ልብስ ሊገዛ እዚህ ሲመጣ አገኘሁትና ደብዳቤ በእጁ ልስደድ አልኩ። እሱም "ከልብሱ መሀል ወረቀት ምን ይከብደኛል" አለኝ።

ጉዳዬ ይህ ነው። በመጪው ሚያዝያ አኒሜ የሚባለው የጃፓን ካርቱን ወዳጆች እዚህ ከተማ ትልቅ ጉባኤ አላቸው። በየአገሩ ትናንሽ ከተሞች ወጣቶች በራሳቸው ያቋቋሟቸውን ጉባኤዎች ታሪክ በአንድ አዳራሽ ሊያሳዩ ነው። ስለ ቆቦው ጉባኤያችን ስነግራቸው አላመኑኝም ነበር። አሁን ግን መስራቹ እኔ በመሆኔ አንድ ሙሉ ግድግዳ ሰጥተውኛል።

ጉባኤያችን የቆየበትን አራቱንም ዓመት ከዳር እስከ ዳር ያየ ከእርስዎ ሌላ የለም፤ የጀመርንበት ቪዲዮ ቤትም የእርስዎ ነበር። ስንት ሰው እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተደረገ የሚያስታውሱትን ይጻፉልኝ። ፎቶም ካለ ይላኩልኝ። የመጣውን ሰው የመዘገብንበት ደብተር ፈሪሀ ጋ ሳይሆን አይቀርም።

ለእርስዎ አንድ ሻርፕ፣ ለእማም አንድ ልኬያለሁ። ፈሪሀንና ልጆቿን ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ ኡበይድ

*

ቆቦ፣ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡበይድ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። አላህ ያሳድግህ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ። ጉልበቴ እንደነበረ ነው። ሻርፑ ደርሶኛል፣ ያማረ ነው። እናትህ መይሙና ደህና ናት፤ የሷን ሻርፕ እስካሁን ከላስቲኩ አላወጣችውም፤ ለመጣ ሰው ሁሉ ታሳያለች።

ቪዲዮ ቤቱ የለም። ጦርነቱ ሲመጣ ቴሌቪዥኑም ዲሹም አግዳሚውም ሄደ። አሁን ለሽንኩርት ነጋዴ አከራይቼዋለሁ፤ ያንተ ግድግዳ እዚያ ሲሰቀል የኔው ግድግዳ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

የጠየቅኸኝን ልንገርህ። ሰውየው፣ አላህ ይማረውና ባሌ፣ ያን ቤት ሲተውልኝ ማታ ማታ ኳስና የህንድ ፊልም ነበር የማሳየው። ቀን ቀን ባዶውን ስለሚውል የዓረቡን የካርቱን ጣቢያ ከፍቼ እተወዋለሁ። ጃፓኖች የሠሩትን ዓረቦች በቋንቋቸው ያናግሩታል። ልጁ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል፣ የሚሰማው ግን የለም። ልጄ ፈሪሀ ደግሞ ከመድረሳ ዓረብኛ ይዛለች። አንድ ቀን ተነስታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች፤ እነሱ ሲናገሩ በአማርኛ እየመለሰች ትነግራቸው ጀመር። አሥረኛ ክፍል ነበረች። በሳምንቱ አግዳሚው ሞላ።

ሄኖክ የመጣው ያኔ ነው። የሮቢቱ የአራጌ ልጅ፣ ማሽላ ሊሸጥ ከአባቱ ጋር ለገበያ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ዓረብኛ አያውቅም፤ ግን ፈሪሀ ስትናገር እሱ ደብተሩ ላይ ይስላል። ሥዕሉን ሳየው እኔው ራሴ "ይሄ ልጅ የሰው እጅ ነው ያለው?" አልኩ። አንተ የመጣኸው ከሁለቱ በኋላ ነው፤ ድምፅህ ትልቅ ስለሆነ የወንዶቹን ድምፅ ለአንተ ሰጡህ።

ሐሳቡ የፈሪሀ ነበር። "እማ፣ ሁሉም የሚወደውን ሰው ለብሶ አንድ ቀን ይምጣ" አለችኝ። ጥር 2009 ነው። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ሰይፉ የማሽላ አገዳ፣ ካባው ጆንያ፣ ጠጉሩ በልብስ ቀለም የተነከረ ቃጫ። በሁለተኛው ዓመት ከሮቢትና ከጎብዬ በባጃጅ መጡ፣ ሰማንያ ያህል ሆኑ። በመንገድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ሰማያዊ ጠጉር ያለውን ሁሉ አይተው "የማን ሰርግ ነው?" ቢሉ አንዱ ቀልደኛ "የካርቱን" አላቸው። ከዚያ ወዲህ አገሩ በሙሉ "የካርቱን ሰርግ" አለው።

ደብተሩ ፈሪሀ ጋ የለም። ስታገባ ይዛው አልሄደችም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሁላችንንም ጤና ጠይቀሃል፤ ሄኖክን ግን አልጠየቅህም። ረስተኸው ነው?

አክስትህ ሱዓድ

*

ኢስታንቡል፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ ደርሶኝ በጣም ተደስቻለሁ፤ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። የጻፉልኝን ወደ ቱርክኛ መልሼዋለሁ። የአገዳው ሰይፍ ነገር እዚህ ላሉት ሁሉ በጣም ደስ ብሏቸዋል።

ጊዜ ስለሌለኝ አጭር እጽፋለሁ። የሚቀረኝ የሦስተኛውና የአራተኛው ዓመት ነው፤ በተለይ ፎቶው። ጽሑፍ ብቻውን ግድግዳ አይሞላም። ሰላሁዲን በአሥራ አምስት ቀን ይመለሳልና እባክዎ በእሱ እጅ ይላኩልኝ።

ስለ ሄኖክ፣ ምን ልበልዎ? ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። ፈሪሀም ብትሆን ኑሮ መሥርታ ልጆች እያሳደገች ነው። የተዳፈነ እሳት ባንጭር ይሻላል። በግድግዳው ላይ "እኔና ጓደኞቼ" ብዬ ጽፌአለሁ፤ በዚያ ውስጥ ሁሉም አለ።

አክባሪዎ ኡበይድ

*

ቆቦ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኡበይድ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። መንገዱ ተዘግቶ ሰላሁዲን ወልድያ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ያንተ ጉባኤ ሚያዝያ ላይ አልፏል። ቢያልፍም የጀመርኩትን ልጨርስልህ፤ ጠይቀኸኛልና ስማ።

ሦስተኛው ዓመት ቤቴ አልበቃ ብሎ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ "ይሄ ከሃይማኖትም ከመንግሥትም የሚጋጭ ነገር አለው?" ሲለው ሄኖክ "ከሒሳብ ትምህርት ብቻ ነው የሚጋጨው" ብሎ አስቆት ፈቀደ። ከአላማጣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ልጆች መጡ። ትግርኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ስለ አንድ ሰይፈኛ እስኪመሽ ሲከራከሩ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሰው የሚጣላው በካርቱን ነበር።

አራተኛው፣ ጥር 2012፣ አራት መቶ ሰው። የሱን ታሪክ አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ እንደማውቀው ልጻፈው።

ልጆቹ የሚለብሱበት ክፍል በመጋረጃ ተከልሎ ነበር። ፈሪሀ ሻሿን አውልቃ ቃጫውን ጠጉር ስታስር አንድ ሰው ፎቶ አነሳት። በማግሥቱ ፎቶው በጉባኤያችሁ የፌስቡክ ገጽ ላይ ወጣ። ልጄ ራሷን ተገልጣ ትስቃለች፤ ጠጉሯ ላይ የወንድ እጅ አለ። ሌላ ሰው አይታይም። በሁለት ቀን ቆቦ ብቻ ሳትሆን ጅዳ ያሉት ዘመዶቻችን ሁሉ አዩት። ወንድሜ ከጅዳ ደውሎ የተናገረኝን ዛሬም ለማንም አልደግመውም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። "እጁ የማን ነው?" ተባለ። ሄኖክ ተነሳ። "እጁ የኔ ነው፣ ቃጫውን ሳስርላት ነው። ፎቶው የኔ አይደለም። እህቴ ዘነበችም ሌሎች ሴቶችም አብረውን ነበሩ" አለ። ዘነበች ብትመሰክር እህቱ ናት ተብሎ አልተሰማችም፤ ሌሎቹን ሴቶች አባቶቻቸው ከቤት አላስወጧቸውም። "ገጹን የሚከፍተው ማነው?" ሲባል አንተ "ቁልፉ ያለው ሄኖክ ጋ ነው" አልክ። ይህንን በጆሮዬ ሰማሁ። አጠገብህ ነበርኩ።

አራጌ አንድ በሬ ካሰ። የሚያርስበት በሬ ነው፤ ሁለተኛ አልነበረውም። ሄኖክ ቆቦን ዳግም ላይረግጥ ማለ። ፈሪሀን ከዚያ በአራተኛው ወር፣ ሚስቱ ለሞተችበት ለጎብዬው የእህል ነጋዴ ሰጠናት። ሰጠናት ስል ሰጠኋት ማለቴ ነው። "እማ፣ አንቺ እንኳ ጠይቂኝ" አለችኝ፤ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ ከዓረብኛ አንድ ቃል ስትመልስ አልሰማኋትም።

ፎቶ ጠይቀኸኛል። ከመላኬ በፊት አንተ ንገረኝ፦ ያን ቀን ስልክህ የት ነበር?

ሱዓድ

*

ኢስታንቡል፣ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ሱዓድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርቄያለሁ። እማ እልል ብላ ሰፈሩን እንዳስደነገጠች ሰምቻለሁ።

ጉባኤው ላይ ግድግዳው በጣም ተወዶልኛል። በዚያ ምክንያት አንድ የካርቱን ድርጅት ሊቀጥረኝ ፈልጓል። ሥራው በየአገሩ ካሉ እንደኛ ዓይነት ጉባኤዎች ጋር መሥራት ነው። ነገር ግን አንድ የአላማጣ ልጅ የግድግዳውን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይቶ "የቆቦውን የመሠረተችው ሴት ልጅ ናት፣ እኔም እዚያ ነበርኩ" ብሎ ጻፈ። ድርጅቱም ማረጋገጫ አምጣ አለኝ። እርስዎ የቤቱ ባለቤት ስለነበሩ፣ መስራቹ እኔ እንደሆንኩ አንድ ገጽ ጽፈው፣ ፈርመው፣ በቀበሌ ማኅተም ቢልኩልኝ ነገሩ ያልቃል። እስከ ጥቅምት ካልደረሰ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይቃጠላል።

ስለ ስልኩ የጠየቁኝ ነገር ቆይቷል፤ አላስታውስም። የዚያን ቀን የሁሉም ሰው ስልክ ከእጅ እጅ ሲዞር ነበር።

ለእርስዎ የጉልበት ቅባት በሰላሁዲን ልኬያለሁ፤ ጥሩ ነው ይላሉ።

ልጅዎ ኡበይድ

*

ቆቦ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡበይድ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ለቅባቱ አላህ ይስጥህ። ለምርቃትህም እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ፤ ሐሰት አልናገርም፣ ደስ ብሎኛል።

አላስታውስም ብለሃል፤ እኔ ላስታውስህ። ስትሄድ አሮጌ ስልክህን ለእናትህ ትተህላት ነበር። በ2015 መስታወቱ ተሰብሮባት "አሠሪልኝ" ብላ ሰጠችኝ። መናኸሪያው ጋ ስልክ የሚጠግነው ናትናኤል "ፎቶዎቹን ላጥፋቸው ወይስ ይቀመጡ?" ብሎ ከፍቶ አሳየኝ። አሥራ አራት ፎቶ ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም ተጽፎበታል። በመጋረጃው ቀዳዳ የተነሳ ነው፣ የመጋረጃው ጠርዝ በሁሉም ላይ አለ። በሁሉም ላይ ዘነበች ማበጠሪያ ይዛ ቆማለች፤ ሌሎች ሦስት ሴቶች ከኋላ ቁጭ ብለዋል። አንተ ቆርጠህ ከመሀል አወጣሃቸው። የተቆረጠውም እዚያው ስልክ ላይ ነው ያለው።

አሁን የኔን ስማ። ይህንን ካወቅሁ ከዓመት በላይ ሆነኝ። ዝም አልኩ። የእህቴ ልጅ ነው አልኩ፣ መይሙና ያለ እሱ ማን አላት አልኩ፣ ፈሪሀም አንዴ ሄዳለች አልኩ። ሄኖክ የሰው ልጅ እንደሆነ እያወቅሁ የሱን ነገር መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ስለዚህ ካንተ የተሻልኩ ነኝ ብዬ አይደለም የምጽፍልህ። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ሲመጣ "አሁን ሊናገር ነው" ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አንተ ግን "መስራች" ብለህ መጣህ።

ባለፈው ሳምንት ሮቢት ወርጄ አራጌ ቤት ገባሁ። ውሃ አቀረበልኝ፤ ለምን መጣሽ እንኳ አላለኝም። ልጁ ሎግያ ነው፣ የከባድ መኪና አካል ላይ ጽሑፍና ሥዕል ይቀባል አለኝ። "በዓል ሲሆን በወልድያ አድርጎ እናቱን እዚያ ያገኛታል፤ ወደዚህ አይመጣም፣ ሮቢት ከገባሁ ቆቦ መርገጤ አይቀርም ይላል" አለኝ። ያን ስልክህን ከዚያ ወዲህ እኔው ይዤዋለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሳላወጣው ተመለስኩ። ፈራሁ።

እንግዲህ ይህን አድርግ። ለአራጌ አንድ ደብዳቤ ጻፍ። ረጅም አይደለም፦ "እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት" በል። እሱን ስትልክ ያንተን ወረቀት እኔ እጽፋለሁ፤ ድምፅህም ድካምህም የነበረ ነው፣ ከመስራቾቹ ሦስተኛው ኡበይድ ነው ብዬ በደስታ እፈርማለሁ።

ሱዓድ

*

ኢስታንቡል፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም።

እውነት ነው፤ እኔ ነኝ። ያነሳሁትም ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ገጹን የሚከታተለው ሦስት መቶ ሰው ነበር፣ አራት ዓመት ሙሉ ሦስት መቶ። ፈሪሀ ስትስቅ አየኋት፣ ቆንጆ ፎቶ ነው አልኩ። ሌሎቹን የቆረጥኳቸው ፎቶው እንዲያምር ነው፤ ወላሂ ሌላ አላሰብኩም። በሁለት ቀን አሥራ አንድ ሺህ ሰው ገባ። ክፉ ንግግር መምጣት ሲጀምር ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ቁጥሩን አየሁና ተውኩት። ሽማግሌዎቹ ፊት ደግሞ የሄኖክ ስም ከአፌ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ መመለሻ አጣሁ። የትምህርት ዕድሉን የሰጡኝ ሰዎችም ያገኙኝ በዚያ ገጽ ነው። ይህንን ከእርስዎ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለአራጌ ግን አልጽፍም። እሱ አያነብም፤ ሰው ያነብለታል፣ በማግሥቱ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። እማ እዚያው ከተማ ናት። እኔ ሩቅ ነኝ፣ የሚበሏት እሷን ነው። እርስዎም ቢሆኑ ይህን አይፈልጉም።

ወረቀቱን በተመለከተ ከእንግዲህ አይጨነቁ። እማ ሁለት ምስክር ይዛ አስፈርማ ልካልኛለች፤ ሥራውን ጀምሬያለሁ። ቅሬታም የለኝም። ይህን ደብዳቤ ግን አንብበው ይቅደዱልኝ። ስልኩንም ለእማ ይመልሱላት።

ኡበይድ

*

ቆቦ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡበይድ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም።

ደብዳቤህን አልቀደድኩም። መጀመሪያ ጎብዬ ወስጄ ለፈሪሀ ሰጠኋት። የምታጥበውን ልብስ ትታ፣ እጇን ጠርጋ ቆማ አነበበችው። ሁለቴ አነበበችው። "ከማን ጋር ሆነሽ ነው ይሄን ስታውቂ የኖርሽው?" አለችኝ። "ብቻዬን" አልኳት። "እኔም ብቻዬን ነበርኩ" አለችና ወደ ልብሷ ተመለሰች። ለምሳ አልጋበዘችኝም። ልጄ ናት፣ በሯ ላይ ቆሜ ባጃጅ ጠበቅሁ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። ከአምስቱ ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስቱ መጡ። አራጌን አስመጣሁ። እናትህንም ጠራኋት፤ ከኔ አፍ ትስማው ብዬ ነው። ደብዳቤህን ራሴ አነበብኩት። "ቁጥሩን አየሁና ተውኩት" የሚለው ላይ ስደርስ እናትህ ተነስታ ወጣች። ስልኩን ዘርግቼ አሥራ አራቱንም አሳየኋቸው። የኔንም ዝምታ ተናገርኩ፤ ላንተ የሚፈረደውን ቅጣት ከመይሙና ጋር እኩል ልክፈል አልኩ። ሽማግሌዎቹ በሬው ይመለስ ብለው ፈረዱ። አራጌ "በሬ ገዝቼበት የነበረው ጉልበት ነው የሄደው፤ በሬውን ተዉት። መሐላውን አንሱለት" አለ። መሐላው ተነሳ።

ሄኖክ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ጠጉሩ ገና በዚህ ዕድሜው ሸብቷል፤ ቀለም ነው ብዬ ነበር፣ ቀለም አይደለም። ቤቴ ግባ አልኩት፣ አልገባም። ይቅር በለኝ አልኩት። "እትዬ ሱዓድ፣ እርስዎ ያኔ ሽማግሌ በተቀመጠ ቀንም ውሃ ሰጥተውኛል" አለ እንጂ እሺም እምቢም አላለኝም። ስለ አንተ አንድ ቃል አልጠየቀም። ስለ ፈሪሀ "ደህና ናት?" አለ። "ደህና ናት" አልኩት። ምን ልበለው?

"በአስፋልቱ ልሂድ" አለ። ከመናኸሪያው ተነስቶ እስከ ከተማው ጫፍ በእግሩ ሄደ፤ በሌላው ወገን ተመለሰ። ገበያ ቀን ነው፣ ሰው ይገፋዋል። ከወጣቶቹ አንድም የሚያውቀው የለም። እኔ ከሽንኩርቱ በር ላይ ሆኜ እስኪጠፋ አየሁት። ሌላ ምንም አላደረገም። ከሰዓት በኋላ በሚሄደው መኪና ወደ ሎግያ ተመለሰ፤ ሮቢት እንኳ አላደረም።

እናትህ አታናግረኝም። በመንገድ ስታየኝ ትሻገራለች። ስልሳ ዓመት ሊሆነን ነው አንድ ማጀት ውስጥ ካደግን። ሰፈሩ ግን አልበላትም፤ አንተ እንደፈራኸው አልሆነም። ሰዉ የራሱ ችግር ሞልቶታል፣ ሦስት ቀን አወራና ተወው። አምስት ዓመት የደበቅኸው ነገር የሦስት ቀን ወሬ ሆነ።

ለድርጅትህ አልጽፍም። እንጀራህን አልዘጋም። መስራች በል ራስህን፤ እዚያ የሚያውቅህ የለም።

ዝምድና መቁረጥ ሐራም ነው፤ አልቆርጥህም። ሰላምታ ስትልክ እመልሳለሁ፤ መመለስ ግዴታዬ ነው። ከሰላምታው በታች ግን ወረቀቱ ባዶ ይሆናል።

ሱዓድ